«ተፈጥሮዬ ነው» ማለት ይብቃ፤ ውሏችሁን ቀይሩ

«ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው!» ይህችን አባባል በየቀኑ እንሰማታለን። ቶሎ ግንፍል የሚለው ሰው ይላታል። ቀጠሮ የማያከብረው ይላታል። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የሚያስፈራት ተማሪም ትላታለች። ባለቤቱ ዝም ቢል እንኳ ዘመድ አለለት፦ «ቁርጥ አባቱን! አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሉለታል። ይህች አባባል ግማሽ እውነት አላት። ጉዳቷም ከዚያው ይመጣል፤ ውሸት ብትሆን ኖሮ ቶሎ እንተዋት ነበር። ግማሽ እውነት ስለሆነች ግን ስንቱን ጎበዝ ባለበት አስራ አስቀርታዋለች።

አባቶቻችን ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይተውታል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው የደምን ጉልበት ነገሩን። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ብለው ደግሞ የውሎን ጉልበት ነገሩን። ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። የዛሬው ሳይንስ ደርሶ የሚነግረን ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በሌላው በኩል እንደሚሠሩ ነው።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ከሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ተነስታችሁ ወደ ሐዌላ ቱላ በኩል ውጡና አንድ የሲዳማ ገበሬ ጓሮ ግቡ። ገበሬው እንሰት ሲያራባ ዘር አይዘራም። ገና ያላበበ ጥሩ እንሰት ይመርጥና ግንዱን ይቆርጠዋል፤ ከመሬት በታች ያለውን አሚቾ እምብርቱን ፈልፍሎ ያወጣና ፍግ ባለበት አፈር መልሶ ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ በአሚቾው ዙሪያ ችግኞች ግጥም ብለው ይወጣሉ። እነዚህ ችግኞች የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ብቻ አይበቃም፤ በዘረመላቸው አንድ ናቸው። የአንዱ ዘረመል ሲነበብ የሌላውም ተነበበ ማለት ነው።

አሁን አንዱን ችግኝ ከቤቱ ጀርባ፣ የከብቱ ፍግ በየጠዋቱ ከሚደፋበት ቦታ ትከሉት። ወንድሙን ወስዳችሁ ከአጥሩ ማዶ፣ ፍግ ከማይደርስበት ጭንጫ መሬት ላይ ትከሉት። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ግንዱ ወፍሮ፣ ቅጠሉ ከጎጆው ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ቀጭጮ፣ ቅጠሉ ገርጥቶ ቆሟል። ያንን የቀጨጨውን አይቶ «ይህ እንሰት ተፈጥሮው ነው» የሚል ገበሬ የለም። ገበሬው ቦታውን ያያል፤ ፍግ ያመጣለታል፤ አልያም ነቅሎ ወደ ጓሮ ያስጠጋዋል። ለእንሰት የምናደርገውን ይህን ፍርድ ለልጆቻችንና ለራሳችን ግን እንነፍጋለን።

እዚያው ጓሮ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። ገበሬው የእንሰት ዝርያዎቹን በየስማቸው ለይቶ ያውቃቸዋል። አንዱ ለቆጮ ይመረጣል፤ ሌላው አሚቾው ተቀቅሎ ሲበላ ይጣፍጣል፤ አንዳንዱ አጠውላጊውን በሽታ ከሌላው በተሻለ ይቋቋማል። ሁሉም አንድ ዓይነት ፍግ እየበሉ፣ አንድ ዝናብ እየጠጡ ይለያያሉ። ስለዚህ ዘረመል ምንም አይደለም የሚል አነቃቂ ንግግር ብትሰሙ አትመኑት። ፍግ እንሰቱን ቡና አያደርገውም። የሚያደርገው እንሰቱ ሊሆን የሚችለውን ያህል እንዲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ሰው እንምጣ። ተመራማሪዎች የዘረመልን ድርሻ ለመለካት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት መንትዮችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዋ ቲንካ ፖልደርማንና ባልደረቦቿ የሃምሳ ዓመት የመንትዮች ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አስልተዋል። ከ2,700 በላይ ጽሑፎች፣ ከ14 ሚሊዮን የሚበልጡ ጥንድ መንትዮች ነበሩበት። ከቁመት እስከ ጠባይ ያለው የሰው ልጅ ልዩነት ሁሉ ተደምሮ ሲታይ፣ በአማካይ 49 በመቶው ከዘረመል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው የአካባቢ፣ የአስተዳደግ፣ የአጋጣሚ ነው።

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው አጣሞ ይረዳዋል። «ከቁጣዬ ግማሹ ከአባቴ ነው» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ በእናንተ ውስጥ ስለተቀመጠ መስፈሪያ አይደለም። አካባቢው ሲቀየር ቁጥሩ ራሱ ይቀየራል። አሜሪካዊው ኤሪክ ቱርክሃይመር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት የሰባት ዓመት መንትዮችን የአእምሮ ፈተና ውጤት መርምሮ ነበር። በተመቻቸው ቤተሰቦች ዘንድ በልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ባብዛኛው ከዘረመል የመጣ ነበር። በድሆቹ ቤት ግን የዘረመሉ ድርሻ ወደ ምንም የተጠጋ ሆነ፤ ልዩነቱን የፈጠረው ቤቱና ኑሮው ነበር። የጓሮው ገበሬ ይህን ቢሰማ አይገርመውም፤ ፍግ ሲዳረስ የዝርያው ልክ ይታያል፣ ፍግ ሲጠፋ ሁሉም ይቀጭጫል።

«የወረስኩት ነገር አይለወጥም» ለሚል ደግሞ አንድ የሕክምና ምሳሌ ላቅርብ። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል፣ ሙሉ በሙሉ ከዘረመል የሚመጣ በሽታ አለ። የተያዘው ሕፃን በምግብ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ሰውነቱ ስለማይፈጭለት አእምሮው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ጉትሪ የተባለ ሐኪም ከአራስ ልጅ ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ በሽታውን ቀድሞ የሚለይ ምርመራ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቶሎ ታውቆለት ልዩ ምግብ የሚሰጠው ልጅ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ዘረመሉ አልተነካም። የተቀየረው ማዕዱ ብቻ ነው።

ከሕክምናው ወደ ሩጫ እንሻገር። ሐዋሳ ላይ የኃይሌ ገብረሥላሴን ስም የማያነሳ የለም፤ ሪዞርቱም ሐይቁ ዳር ነው። ኃይሌ በአትላንታ በ1988 ዓ.ም.፣ በሲድኒ በ1993 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ በርሊን ውስጥ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ዓለም ያለው አንድ ነገር ነው፦ «የተፈጥሮ ስጦታ!» ስጦታ መኖሩን አልክድም። ታላቅ ወንድሙ ተክዬም የማራቶን ሯጭ ነበር። ግን የኃይሌን የግራ ክንድ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ሲሮጥ ከሰውነቱ ጠጋ ብሎ ይታጠፋል። አርሲ ውስጥ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የለመደው አያያዝ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን በተሰበረባቸው መሮጫዎች ላይ ያ የልጅነት መንገድ ክንዱ ላይ ይታይ ነበር።

እዚያው አርሲ ያለችውን በቆጂን ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ ከዚያ ናት። ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለ ከዚያ ናቸው። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ዲባባ፣ ሦስቱም የኦሊምፒክ ባለሜዳልያ እህትማማቾች፣ ከዚያ ናቸው፤ ደራርቱም የአክስትና የአጎት ልጅ ትሆናቸዋለች። ደም ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ክርክሩን የረታ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበረ። በማለዳ ልጆቹን ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር፤ ከእነዚህ ጀግኖች ብዙዎቹ በእርሱ እጅ አልፈዋል። ከፍታው፣ ረጅሙ የትምህርት ቤት መንገድ፣ የሚያስነሳ መምህር፣ ከፊት የሮጠች ዘመድ ሁሉም አንድ ቦታ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው የብሔራዊ ቡድናችንን አትሌቶች ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶው ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ነበሩ፤ በልጅነታቸውም ከሌላው ሰው ይልቅ ሩቅ መንገድ፣ ብዙ ጊዜም እየሮጡ፣ ትምህርት ቤት ይመላለሱ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው በእናት በኩል የሚወረሰውን የዘረመል ክፍል ሲመረምሩ ሯጮቹን ከሌላው ኢትዮጵያዊ የሚለይ ነገር አላገኙም። ይህ የዘረመልን ሥራ ሁሉ አይሽርም፤ የተመረመረው አንድ ክፍል ነው። ግን በበቆጂ መንገድ ላይ የሮጠውን ልጅ ድካም «ደም ነው» ብለን እንዳናቃልለው ያስጠነቅቀናል።

ሯጭ ባንሆንስ? አብዛኞቻችን የምንቸገረው በእግራችን ሳይሆን በጠባያችን ነው። ዓይን አፋርነትን እንውሰድ። የሃርቫርዱ ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅና አዲስ ነገር እያሳየ ሲያጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ እየተወራጨና እያለቀሰ ይደነግጥ ነበር። እነዚህን ልጆች ለዓመታት ተከታተላቸው። የጠባያቸው አሻራ ከብዙዎቹ ላይ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሆኖም እጅግ ፈሪ ሆነው የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የረዳቸው ምን ነበር? ከአዲስ ነገር ሁሉ ሸሽጎ የማያሳድግ፣ በቀስታ እያበረታታ ወደ ሰው የሚያስጠጋ ወላጅ።

የሲዳማ ሕዝብ ይህን ያለ ኬገን ያውቀዋል። በፊቼ ጨምበላላ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው የዘመን መለወጫ በዓል፣ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤትን ሰላም ይላሉ። በየደረሱበት ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። እስቲ ያቺን ዓይን አፋር ልጅ አስቧት። ብቻዋን ብትሆን የጎረቤት በር አታንኳኳም። በዚያ ቀን ግን እኩዮቿ ከፊትና ከኋላ አሉ፤ በሩ ተከፍቶ ይጠብቃታል፤ የምትለው ሰላምታ የታወቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይቀበላታል፤ መጨረሻው ደግሞ ቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ነው። ዓይን አፋርነቷ ከእሷ ጋር አለ፣ እግሯ ግን ደጃፉን ተሻገረ። አንድ ባህል ለልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግላት?

ለግልፍተኛውም እንዲሁ ነው። በአፊኒ፣ በሲዳማ ባህላዊ የዕርቅ ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ነገር በተራ ይሰማል፤ እውነቱ ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥም። ቁጡው ሰው ቁጣውን ቤቱ ጥሎ አልመጣም። ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ስላለበት ግን ደሙ ይበርዳል። በስልክ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ወዳጅነት የሚያፈርሰው ያው ሰው፣ በዚያ ጥላ ሥር ቁም ነገር ይናገራል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተቀመጠበት ወንበር ተለያየ።

አሁን ስለ ጫት ላንሳ፤ ሐዋሳና ዙሪያዋ ይህን ርዕስ ልትሸሸው አትችልም። ከበርጫ ለመውጣት የሚታገል ወጣት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚወቅሰው «ጽናት የለኝም» እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን አጠናች። ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ ሳለ በሄሮይን ሱስ ተይዞ ነበር። መንግሥት ተሸበረ። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ግን በሱሱ ዳግም የተያዙት ከሱሰኞቹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጦር ሜዳው ቀረ፤ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ ቀረ፤ ዕቃው እንደ ልብ የሚገኝበት ቦታ ቀረ። ለሱስ መጋለጥ ላይ ዘረመል ትልቅ ድርሻ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ያ ድርሻ ቬትናምም አሜሪካም አብሯቸው ነበር። የተለየው ውሎው ነበር። ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ ከሰዓት ሲደርስ እግርህ ወደ ለመደው ቤት የሚሄድብህ ከሆነ፣ ስንፍና ነው ብለህ ራስህን አትስበር። ያንን ሰዓት በሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ጋር አስይዘው። ኳስ ሜዳ ይሁን፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ የሥራ ፈረቃ ይሁን፤ ሰዓቱ ባዶ እንዳይሆን ብቻ።

ቦታ ሰውን እንዴት እንደሚያግዝ ማየት ለሚፈልግ ታቦር ተራራ ቅርብ ነው። ጎህ ሲቀድ ዳገቱን የሚወጡትን እዩ። ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ጎልማሶች፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ የሚሉ እናቶች፣ ፈጠን እያሉ የሚያልፏቸው ወጣቶች አሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው ከተማው ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማለዳ መነሳት ተፈጥሮው ያልሆነ ብዙ አለ። እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ሲወለድም የሌሊት ሰው ነው፤ ይህ በከፊል ከዘረመል እንደሚመጣ ተረጋግጧል። ታዲያ ማን አስነሳው? ከታች የሚጠብቀው ጓደኛ ነዋ! ሲዘገይ ስልኩ ይጮኻል፤ ሲቀር በነጋታው «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። ብቻውን ቢሆን ማንቂያውን አጥፍቶ ብርድ ልብሱን ይጎትት የነበረ ሰው፣ ቃል የገባለት ሰው ስላለ ብቻ ጫማውን ያስራል።

ከራሳችሁ ጋር የምትሠሩት ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። አመላችሁን ደብቃችሁ አትያዙት፤ በስሙ ጥሩት። ከዚያ የት እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ከማን ጋር ሳላችሁ እንደሚወጣ ተከታተሉት። አመል በየቦታው እኩል አይወጣም። ሥራ ቦታ ትዕግሥተኛ የሆነው ሰው ቤቱ ሲገባ የሚጮኸው፣ ክፍል ውስጥ የማትናገረው ልጅ መዘምራን ውስጥ ድምፅዋ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው። መልካሙ ጠባይ የሚወጣበትን ቦታ ካገኛችሁ፣ በዚያ ቦታ የምትቆዩበትን ጊዜ አራዝሙ። በአንድ ቀን ሁሉን አትቀይሩ፤ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ወዳጅ መቀየር ለመጀመሪያ ይበቃል። የማንበብ ፍላጎት ያለው ግን የማያነብ ሰው ራሱን ከመውቀስ ይልቅ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ መጽሐፉን ትራሱ ላይ ቢያደርግ ይበጀዋል።

የመጨረሻው ቃሌ ለወላጆችና ለመምህራን ነው፤ እናንተ ለሌላ ሰው ውሎ የምትመርጡ ናችሁና። በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ አይጦችን ሲያጠኑ፣ ግልገሎቻቸውን አዘውትረው የሚልሱ እናቶች ያሳደጓቸው ሲያድጉ የተረጋጉ ሆኑ፤ ብዙ ያልተላሱት ቶሎ የሚደነግጡ ሆኑ። ይህ ከደም ይሆን ብለው ግልገሎቹን በእናቶቹ መካከል አለዋወጧቸው። ግልገሎቹ ከወለደቻቸው ይልቅ ያሳደገቻቸውን መሰሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ ደግሞ እንክብካቤው በአንጎላቸው ውስጥ ድንጋጤን የሚያበርድ ዘረመል እንዴት እንደሚሠራ ለውጦ መገኘቱን አሳዩ። ዘረመሉ ተጽፎ የተወለደ ነው፤ ምን ያህል እንደሚነበብ ግን የእናት ምላስ ወስኗል። ሰው አይጥ አይደለም፣ የሰው ልጅ አስተዳደግም በአንድ ሙከራ አያልቅም። ቢሆንም የምናሳየው ፍቅር ከቆዳ በታች ዘልቆ እንደሚሠራ መጠራጠር አያስፈልገንም።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ ማታ ልጃችሁ የሒሳብ ደብተሩን ሲሸሽ አይታችሁ «እንደ አጎትህ ሰነፍ ነህ» የሚለው ቃል ምላሳችሁ ላይ ሲመጣ ዋጡት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ጎኑ ቁጭ በሉና «እስቲ የመጀመሪያውን ጥያቄ አሳየኝ» በሉት። መምህራን ሆይ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ነገ ወደ ፊት አምጧት፤ መጀመሪያ የምትችለውን ጥያቄ ጠይቋት።